ዳኛውና ምክትሉ

እናቴ ያረፈች ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አባቴ ኩታውን አዘቅዝቆ ከቤቱ በር አጠገብ ቆሟል። ከኋላው፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ የገበያው ሰዎች ነበሩ፤ ባለሱቆች፣ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞችና ባለወፍጮው። የእናቴ ወንድም ከአጥሩ መግቢያ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከእሱ ኋላ በተፍኪ መንገድ የሚኖሩት ገበሬዎች ነበሩ። ሽማግሌው ቄስ መሐል ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። እናቴ ውስጥ ናት።

አባቴ የሰበታው እድራችን ዳኛ፣ አጎቴ ደግሞ ምክትሉ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ለእኛ ምርጫ ማለት የእድር ምርጫ ነው። እድሩ ሲቋቋም የገበያው ሰው አባቴን፣ ገበሬው አጎቴን አቀረበ። ሽማግሌዎቹም ጠብ እንዳይነሣ ብለው፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዳኛ፣ የተሸነፈው ምክትል ይሁን አሉ። ሁሉም ጥሩ መላ ነው ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ያለውን ምክትሉ ሳያፈርስ ያለፈ ስብሰባ አላስታውስም።

ከሁሉ የከፋው የቀብር ቦታ ነገር ነው። ባለሱቆቹ ሱቅ ዘግተው ገጠር ድረስ መሄድ ስለሰለቻቸው፣ እድሩ የሚቀብረው በከተማው ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንዲሆን በድምፅ አስወሰኑ። ገበሬዎቹ ግን አባቶቻቸው ያረፉት በገጠሩ ደብር ስለሆነ ቂም ያዙ።

እናቴ የገበሬ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት ነበረች። አባቴና አጎቴ ሲኮራረፉ በአንድ ገበታ ቀርበው የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው።

«በይ ለዳኛው ንገሪልኝ፣ ጨው ያቀብሉኝ» ይላል አጎቴ።

«ምክትሉ ጉዳዩን በስብሰባ ያቅርብ በይው» ይላል አባቴ።

መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቁን ተወችው።

ከእኔ በፊት የወለደችው ሕፃን በገጠሩ ደብር ተቀብሯል። ሕመሙ ሲጠናባት ሁለቱንም አስጠርታ፣ «ከልጄ ጎን አድርጉኝ» አለቻቸው። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። ሁለቱም እሺ አሉ።

በደንቡ መሠረት ዳኛው ሐዘን ከደረሰበት የሚያዘው ምክትሉ ነው።

«አንቱ ዛሬ ሐዘንተኛ ነዎት፤ ይቀመጡ» አለው አጎቴ። «ወደ ደብራችን እንወስዳታለን።»

አባቴ አልተቃወመም። የተቃወመው ባለወፍጮው ነው።

«ኦቦ ምክትል፣ የኛ ሰው ሲሞት በደንቡ፣ ያንተ እህት ስትሞት በፈቃድህ ነው?»

«እናንተ ያወጣችሁትን ደንብ እኔ መቼ ተቀበልኩት?»

«እንግዲያው ራሳችሁ ተሸክማችሁ ሂዱ። ከኛ ወገን አንድ ሰው አይነቃነቅም።»

አባቴ ወደ ኋላ ዞረ። «ባለቤቴ እኮ ናት» አለ።

«ደንቡ የራስዎ ነው፣ ዳኛ» አለው ባለወፍጮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ከጣሱት ነገ ማን ይሰማዎታል?»

አባቴ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«እናቴ ከልጄ ጎን አድርጉኝ ነው ያለችው» አልኩ። ሁሉም ሰምተውኛል። ቄሱ፣ «እውነትሽን ነው ልጄ፤ ይህን ግን ለትልልቆቹ ተይው» አሉኝ።

ባለወፍጮው አጎቴን ክንዱን ይዞ በመስኮቱ በኩል ወዳለው ባሕር ዛፍ ወሰደው። ከእኔ ብዙ አልራቁም።

«ቀብሩን ተወው። በሚመጣው ምርጫ ድምፃችንን ላንተ እንሰጣለን። አንተ ዳኛ፣ እሱ ምክትል።»

አጎቴ መሬቱን በዱላው ጫር ጫር አደረገ። «እሱስ እሺ ይላል?»

«ዝም ብሏል እኮ።»

አጎቴ ተመልሶ መሐል ግቢ ቆመ። «ስለ እህቴ ክብር እድሩ አይከፈል። እዚሁ ከተማ ትቀበር» አለ። ከሁለቱም ወገን «ጎሽ!» ተባለ። ቄሱ መረቁት። አባቴ ሄዶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ አጎቴም «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴን፣ እህቴን» እያለ አለቀሰ። ልቅሶው የእውነት ነበር።

እንደ እናቴ ቀብር ሰው የወጣበት ቀብር በሰበታ አላየሁም። ገበሬውና ባለሱቁ እየተቀባበሉ ተሸከሟት። ስንመለስ አባቴና አጎቴ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ንፍሮውንም ከአንድ ሳህን ዘገኑ። ውኃ ይዤ ስቀርብ አባቴ እጄን ያዘ።

«አየሽ» አለኝ፣ «እናትሽ አስታረቀችን።»

ውኃውን አስቀመጥኩለት። በማግስቱ፣ ሰልስቷ ሳይደርስ፣ የትምህርት ቤት ልብሴን ጠቅልዬ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁና አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።