የባንዳ ልጅ አላነሳም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ሰሞን ነው። ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ሰዎች «እሷ ጠንቃቃ ናት፤ ማንም አያታልላትም» እያሉ አንዷን ሲያሞግሱ በሰማሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ደሜም ይፈላል።

ያኔ ኮልፌ ባህር ዛፍና ጥቂት የሣር ቤቶች ነበረች። ባለቤቴ ከተማ ውስጥ በሶላቶ፣ በጣሊያን ወታደር መጋዘን ተሸካሚ ነበር። ጎረቤት የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ከመጋዘኑ ዱቄት እየሰረቀ በጋቢው ሥር ደብቆ እያወጣ፣ ዱር ላሉት አርበኞች ይልክ እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ቢሰማ እሱ ብቻ ሳይሆን ተቀባዮቹም ይሰቀሉ ነበር።

በወለድኩ ዕለት ቤታችን የገብስ ዱቄት አልነበረም። የባለቤቴ እህት የምታደርገው ቢጠፋት ከዚያው ከሶላቶ ዱቄት የአራስ ገንፎ አገነፋች። እኔ ተኝቻለሁ፤ ያየሁት ነገር የለም። ጎረቤቶቼ እልል ብለው ገብተው ገንፎውን ከበቡ።

ከመካከላቸው እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን፣ በዕድሜ ታላቃችን፣ ልጄንም ክርስትና ሊያነሱ ቃል የገቡልኝ ሴት። ገንፎው ነጭ መሆኑን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ ገብስ አይደለም። የፈረንጅ ዱቄት ነው። ሶላቶ ዱቄቱን የሚሰጠው ለማን ነው?» አሉ። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ቅቤው ገንፎው ላይ እንደረጋ ቀረ።

ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ባሌን አስገድላለሁ። ዝም ብል ባንዳ ነኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እሳት ሊጭር የሚመጣ ጎረቤት እንኳ ጠፋ። ውሃ ስወርድ ወሬ ይቋረጣል። እንድሰማቸው ጮክ ብለው «ጆሮ ጠቢ» ይሉኛል። እሱንስ ቻልኩት።

ያልቻልኩት የክርስትናውን ነው። ልጄን ሳል አልለቃት ብሎ ነበር፤ ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ሲል እትዬ ብዙነሽ ደጅ ቆሜ ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ እኔን ይጥሉኝ። ልጅቷን አይጣሏት።»

በሩን እንደያዙ «የባንዳ ልጅ አላነሳም» ብለው ዘጉብኝ። ሌሎችንም ጠየቅሁ፤ እሳቸው እንቢ ያሉትን ማን ደፍሮ ያነሳል?

ቀኑ ደረሰና ልጄን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ «ክርስትና እናቷ የታለች?» ሲሉ ዞር አልኩ። የሰፈሬ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ይህን ጊዜ ከሆለታ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች፣ ጨርሶ የማላውቃት ሴት «እኔ ላንሳት» ብላ ወደ እኔ መጣች።

ተጠግቼ «እዚህ ሰው ባንዳ ነው የሚለኝ፤ ኋላ እንዳትጸጸቺ» አልኳት።

«ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«በቃ፣ አምጫት።»

እሷ ጠየቀችኝ። ያ ሁሉ ጎረቤቴ ያላደረገውን።

ጣሊያን ሲወጣ አርበኞቹ ቤታችን መጥተው ባለቤቴን ስለላከላቸው ዱቄት በሰው ፊት አመሰገኑት። በማግስቱ እትዬ ብዙነሽ ቅቤ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ዘመኑ ነው። ጠንቃቃ ሆኜ እንጂ ክፉ አስቤ አይደለም» አሉኝ። ሰፈርተኛውም «እሳቸው ድሮም ጠንቃቃ ናቸው» አለ። ቅቤውን አልተቀበልኳቸውም።

ጠንቃቃ! ለክፋት እንዲህ ያለ ያማረ ስም ሲወጣለት ያንገበግበኛል። ዱቄቱን መጠርጠራቸው አልነበረም ጥፋቱ፤ ባንዳ በሞላበት ጊዜ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። ጠንቃቃ ሰው ግን አፉን ይቆጥባል፣ ምስጢሩን ይሸሽጋል። ያቺ ሕፃን ምን አድርጋ ነው? እሷን ከጥምቀት ለሚያስቀር ሰው የማውቀው ስም ጨካኝ ነው።

ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። የንስሐ አባቴ «ይቅር በያቸው» እያሉ ሲመክሩኝ ኖረዋል። እትዬ ብዙነሽ ሲሞቱ ይቅር ልላቸው ቆርጬ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ከሰው ጋር ስቀመጥ አጠገቤ ያለችው ሴት «ምን ዓይነት ጠንቃቃ ሴት ነበሩ» አለችኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሥቼ ወጣሁ።