ከአባ ኮዳ ላባ የተሠራችው አውሮፕላን

ለልጅ ሞትን በየትኛው ቃል ነው የሚነግሩት? ይኸው እናት ሆኜም አላውቀውም።

ልጅ ሳለሁ ሀዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ከአያቴ ጋር ነበር የምኖረው። አባባ ነው የምላቸው። እናቴ አረብ አገር ለሥራ ሄዳ ስለነበር፣ ያኔ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ አባባ ሻማ ለኩሰው ጣት የማታህል አውሮፕላን እየሠሩ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ገላዋ የአባ ኮዳ ላባ ነው፤ ነጩ አገዳው። አባ ኮዳን የሀዋሳ ሰው ያውቀዋል፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አጥማጆች የጣሉት የዓሣ አንጀት ውስጥ ቆሞ የሚውለው። አባባ ላባውን ከዚያው ነው የሚያነሱት። በሳሙና ቢያጥቡት፣ በሻማ ቢለበልቡት ሽታው አይለቅም፤ ከኮላው ጋር ሲደባለቅ እራቴ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር። ጎማዎቿ የጎመን ዘር ናቸው። ጥቁር በተቀባ ካርቶን ላይ፣ በቀጭን ሽቦ፣ ልታርፍ ስትል አድርገው አቆሟት።

ተረቱም የሷው ነው። አውሮፕላን ድሮ እግር ስላልነበራት ማረፍ አትችልም፤ አባ ኮዳን ለምና እግሩን ተዋሰች፤ ለዚህ ነው መሬት ስትቀርብ ብቻ የምታወጣው። «እናትሽም እንዲህ አርፋ ትመጣልሻለች» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቶች ግቢያችንን ሞሉት። አንዷ ለሌላዋ ቀስ ብላ «አረፈች» ስትላት ሰማሁ። እኔ ምን አውቄ! «እማዬ አረፈች! አረፈች!» እያልኩ፣ እያጨበጨብኩ ግቢውን ዞርኩት።

«ኧረ ይቺን ልጅ ያዙልኝ!» አለች ሴትዮዋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

አባባ ያዙኝና «አዎ የኔ ልጅ፣ አርፋለች» አሉ። ከዚያም በኋላ ተረቱን አልተውትም። «የአውሮፕላኗ በር መቼ ይከፈታል?» ስላቸው «ነገ» ይሉኛል። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ናት «አንቺ ሞኝ፣ ማረፍ እኮ መሞት ነው!» ብላ የሳቀችብኝ። ያን ለት አውሮፕላኗ ፊት አስመለሰኝ። የሸተተኝ ላባው ይሁን ውሸቱ፣ እንጃ። አባባን አልጠላኋቸውም። ያቺን ቃል ግን ሬዲዮ ላይ እንኳ ስሰማት ታቅለሸልሸኛለች።

አሁን አባባ ራሳቸው ሞቱ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አረፉ፣ አረፉ» ይላል። ተረቷን ከአባባ የሰማው ትንሹ ልጄ አውሮፕላኗን ከቁም ሳጥኑ አውርዶ መጣና «እማ፣ አባባ ጎማቸውን አወጡ?» አለኝ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። «አዎ» ልል አፌን ስከፍት ያ የአንጀት ሽታ መጣብኝና መልሼ ዘጋሁት።

ልጁ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ይሮጣል። የሰፈር ልጆች ቀድመውኝ እየሳቁ እንዳይነግሩት ፈራሁ፤ ውጪ ሲጫወት እንኳ ከበሩ አልርቅም። ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ፤ «ሞቱ» ብዬ ልንገረው? ከነገርኩትስ በኋላ ይቺን የምትሸት አውሮፕላን ከእጁ ልቀማው፣ ወይስ ልተውለት ትሉኛላችሁ?