እማሆይ ወደ ገሳይ የሄዱ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ደብረ ታቦር ቶሎ የሚመሽባት ከተማ ትመስለኝ ነበር፤ ክረምቱ፣ ጉሙና በየጊዜው የሚጠፋው መብራት ተባብረው ይሆናል። ያኔ የአባቴ አክስት እማሆይ ጥሩወርቅ ከመነኮሱ ወዲህ እኛ ቤት ይኖሩ ነበርና፣ ኩራዙ ሲለኮስ እኔና ታናሽ እህቴ ምድጃው ዳር እንቀመጣለን፤ እሳቸውም ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩናል። ተረታቸው ሁሉ ስለ ይቅርታ ነበር። ከሁሉ የምወደው፣ ልጇን የገደለባትን ሰው ከጅብ ስላስጣለችው ሴት የሚነግሩንን ነበር።

አንድ ምሽት ይህንኑ ሲጨርሱ፣ «እማሆይ፣ አንቱስ እትዬ ስንዱን ለምን አያናግሯቸውም?» አልኳቸው።

እትዬ ስንዱ በመኪና በሚኬድባት በገሳይ ከተማ የሚኖሩ የእማሆይ ታናሽ እህት ናቸው። የእማሆይ አንድያ ልጅ ሲሞት ለቀብር አልመጡም፤ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። እማሆይ ግን አልተቆጡም፤ ጭስ እንደገባበት ሰው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ በኋላ ተረት ስንጠይቃቸው «ደክሞኛል» ይሉን ጀመር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ወደ ቤት በመመለስ ፈንታ እጄን ይዘው መናኸሪያ ወሰዱኝ። ገሳይ ስንደርስ እትዬ ስንዱ ደጃፋቸው ላይ እህል ያበጥሩ ነበር። ሲያዩን ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልመጣሁት...» ብለው ጀመሩ እትዬ ስንዱ።

«አሁን አትንገሪኝ» አሉ እማሆይ። «አሁን ከነገርሽኝ እመለሳለሁ።»

ገብተን ተቀመጥን። ስለ ዝናቡና ስለታመመችው ላም አወሩ፤ የሟቹን ስም ያነሳ ግን አልነበረም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ታረቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ሆዴ ገና አልሻረም። አንድ እያወራሁ ሌላ መኖር ሰልችቶኝ ነው የሄድኩት» አሉና ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ወዲያ ደጋግመው ሄዱ። እትዬ ስንዱ ለቀብር ያልመጡበት ምክንያት በመጨረሻ ተነግሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እማሆይ ሲያርፉ ግን አስከሬናቸውን ያጠቡት እትዬ ስንዱ ነበሩ።

ዛሬ እኔም ልጆች አሉኝ። የማምንበትን እነግራቸዋለሁ፤ ከምነግራቸው ግማሹን እንኳ ሳልኖረው ቀኑ ይመሻል። ያኔ የሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። የቀረኝ በዚያ መኪና ውስጥ ያየሁት ፊት ነው። ያመነበትን ያደረገ ሰው ቀልሎት የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። እማሆይ ግን ደክመው፣ ሆዳቸውም እንዳዘነ ነበር የተመለሱት። ቢሆንም ሄደው ነበር።