አማቴ «አትነሳ!» ሲሉኝ

ሞላሌ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ባጃጄን ከቤቴ ጋራዥ አውጥቼ ተንሸራታቹን የብረት በር ልዘጋ ስጎትተው፣ ከሐዲዱ ወጣና ወደ ውጭ አዘነበለ።

መቼም በጥንቃቄ የሚስተካከለኝ የለም። ሚስቴን በያጅ እንድትጠራ ላክኋትና በሩን በጀርባዬ ደግፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «ራቅ በሉ፣ ብረት ቀልድ አያውቅም!» እያልኩ አስተምራለሁ። ከጎኔ የቆመችውን ባጃጅ በሰው አስገፍቶ ዞር ማድረግ ግን አልታየኝም።

በዚህ መሃል አማቴ በርኖሳቸውን ደርበው፣ በቅሏቸውን እየሳቡ ከአገራቸው ከቀየት መጡ። እኛ ዘንድ ለአማቱ ያልተነሳ ሰው ወሬው ከአማቱ ቀድሞ ቀየት ይገባል። ገና ከሩቅ «ኧረ በእግዜር፣ አትነሳ!» አሉኝ። ሁልጊዜም እንዲሁ ይላሉ፤ እኔም ሁልጊዜ እነሳለሁ። ሰውነቴን ሳመቻች «ኧረ ልጄ፣ አትነሳ ብዬሃለሁ!» ብለው እጃቸውን እያወናጨፉ ጮኹ። አማቱ ይህን ያህል የሚሳሳለት ሰው በመንዝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ኮራሁ። ብድግ አልኩ። ቆቤን አውልቄ፣ ወደ እሳቸው ፈጠን ብዬ ተራምጄ እጅ ነሳሁ።

ከኋላዬ ምድር ተንቀጠቀጠ። ዞር ስል በሩ ተጋድሟል፤ ከሥሩ የባጃጄ አንድ ጎማ ብቻ ይታያል።

አማቴ ቀስ ብለው ቀረቡና ጉንጬን ሳሙኝ።

«የሌላ ቀኑን ተወው፣ ልጄ» አሉኝ፤ «የዛሬው እኮ ከልቤ ነበር።»