የኦቦ ዱጋሳ ባልዲ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መነገር የሚገባው መሆኑንም እጠራጠራለሁ፤ ስለ አንድ ባልዲ የእንቁራሪት ልጆች ኑዛዜ ይጻፋል? ግን ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁትም በሕይወቴ ካወቅኋቸው ሁሉ አብልጬ የማከብራቸውን ሰው ነው።

ኦቦ ዱጋሳ ጊንጪ ከተማ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ስገባ በግቢያችን ረግረግ ላይ አዳዲስ ክፍሎች ለመሥራት መሠረት ተቆፍሮ ነበር። ጉድጓዶቹ በዝናብ ሞልተው እንቁራሪት ተራብቶባቸዋል። ኦቦ ዱጋሳ አርማታው ሳይፈስባቸው በባልዲ እየቀዱ ወደ ወንዙ ያመላልሷቸው ጀመር። በደረቅ እጅ ነክተዋቸው አያውቁም፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ እጃቸውን ያርሳሉ።

«ኦቦ፣ እነዚህንም ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ ነው?» አላቸው የግንባታው ፎርማን።

«ካንተ ሠራተኞች ይሻላሉ። ትንኝ ሲለቅሙ ይውላሉ፣ የሻይ ዕረፍት አይሉም።»

ፎርማኑ ሳቀና የመጨረሻውን ጉድጓድ ለአንድ ቀን ተወላቸው። በማግስቱ ወገባቸውን አሟቸው ባልዲውን ለእኔ ሰጡኝ። ገና እግር ያላበቀሉ፣ ጅራታቸውን የሚያወናጭፉ ትንንሾች ነበሩበት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ውሰጃቸው። የቧንቧው መድኃኒት አለበት።»

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም። ግን ውሃው ድፍርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥርት ባለ ውሃ ሲዋኙ ለኦቦ አሳይቻቸው እንዲያመሰግኑኝ ፈለግሁ። ቧንቧው ጋ ሄጄ ቀየርኩት። ደወል ሲደወል ባልዲውን እዚያው ትቼ ክፍል ገባሁ። ስመለስ ሁሉም ተገልብጠው ተንሳፈዋል። እኔ ነኝ የገደልኳቸው። አጥር ሥር ደፋኋቸው።

«ለቀቅሻቸው?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ገለቶሚ፣ ተባረኪ» አሉኝ።

ለምን አልተናገርኩም? ይቆጡኛል ብዬ? ተቆጥተው አያውቁም። ምስጋናቸውን ማጣት ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ወንዙ ዳር ቆመው ያዳምጡ ነበር። እንቁራሪት በጮኸ ቁጥር ወደ እኔ እየጠቆሙ ለአላፊ አግዳሚው «እነዚህ የእሷ ናቸው» ይላሉ። የእሳቸው ነበሩ፤ የእኔዎቹ አጥር ሥር ቀርተዋል። እኔ ግን ዝም አልኩ። በየክረምቱ ዝም አልኩ።

ጡረታ ወጥተው ባኮ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሲሄዱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ባልዲውን ትተውልኝ ነበር። በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብለው «እንቁራሪቶችሽን እየሄድሽ ጠይቂያቸው» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። እሺ ባልኩበት አፍ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አውቶቡሱ የወጣው ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ያን ቀን ልጅ አልነበርኩም።