በግራ በኩል ያለው ክፍል

መዶሻ የሚል ስም ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። የተጋጨ የመኪና በር ሲሰጡት ከውስጥ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ከውጭ እየቀጠቀጠ፣ ጥፍር የምታህል ስርጉድ ሳያስቀር ያቃናዋል። ሲጠጣ ግን ያው እጅ ያገኘውን ሁሉ ይሰብራል። በመጨረሻ የሰበረው የሚስቱን ክንድ ነበር። አጥንቱ ቀጭ ሲል እሱም ሰምቷል።

ሚስቱ ክንዷን በጄሶ አሳስራ፣ ልጃቸውን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች። መዶሻ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ ወንድሟ የጎማ መፍቻ ጨብጦ በሩ ላይ ጠበቀው።

«እዚህ በር ድገምና ቁም፤ አንዳችን ሬሳ እንሆናለን!»

ሚስቱ ሳትታይ ከግቢው ውስጥ ተናገረች። «መጠጥ የሚተዉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አለ ይባላል። እዚያ ካልሄድክ ልጅህን አታያትም።»

የት እንደሆነ እሷም አታውቅም። መዶሻስ ማንን ይጠይቅ? ወዳጆቹ ሁሉ የሚያውቁት የሚጠጣበትን ነው። ብዙ ቀን ፈራ ተባ ካለ በኋላ የጋራዡን ቀለም ቀቢ ጠየቀ፤ እሱም በጆሮው ሹክ አለው።

«ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ሕንፃ። ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«ሕንፃውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ ቀቢው፤ ዞሮም አላየው።

ሐሙስ ዕለት መንገድ ላይ የመጠጥ ጓደኛው ደላላው ገጠመው።

«መዶሼ! ሊያስመነኩሱህ ነው አሉ?»

«መንገዴን ልቀቅ።»

«ሚስት ስትሰብር ጀግና፣ ብርጭቆ ስታይ ፈሪ?»

መዶሻ በቡጢ ጥርሱን አለው። ደላላውም የዋዛ አልነበረም፤ በግንባሩ ገጭቶ ከንፈሩን ተረተረው። ሁለቱም ደም እየተፉ በአላፊ አግዳሚው ተገላገሉ።

የሕንፃው ዘበኛ ያንን የተተረተረ ከንፈር ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «በመጠጥ ጉዳይ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አይ የሰካራም ነገር! አይዞህ ልጄ፣ በግራ በኩል ግባ።»

በዚያ ሕንፃ ሁለት ስብሰባ በተመሳሳይ ሰዓት ይካሄድ ነበር። በቀኝ በኩል የሚሰበሰቡት ጠጪዎቹ ናቸው፤ በግራ በኩል ደግሞ በጠጪዎቹ እጅ ፍዳቸውን የሚያዩ ቤተሰቦች። ዘበኛው መዶሻን የቆጠረው ከተደብዳቢዎቹ ነው።

የፕላስቲክ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ከአንድ ሽማግሌ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከጎኑ የተቀመጡ አሮጊት መሐረባቸውን አቀበሉት።

«ማነው እንዲህ ያረገህ?»

«ጓደኛዬ። ጠጥቶ።» ውሸት አልነበረም።

«እጁ ይቆረጥ!»

መዶሻ መሐረቡን ከንፈሩ ላይ ያዘ። የሚያዝንለት ሰው ካየ ቆይቷል።

አንዲት ልብስ ሰፊ ትናገር ነበር። «ቁልፉ ቀዳዳውን ሲያጣ፣ በሩን ሲፍቀው ባሌ ሰክሮ መምጣቱን አውቃለሁ። ልጆቹን አልጋ ሥር እከትና መብራቱን አበራለሁ። በጨለማ ከመታኝ ዓይኔን ያጠፋዋል።»

«እኔ ደግሞ መብራቱን አጠፋዋለሁ» አለች ሌላዋ። «በጨለማ ይስተኛል።»

ሴቶቹ ሳቁ። መዶሻ ግን አልሳቀም። ሰክሮ ቤቱ በደረሰ ቁጥር መብራቱ ቦግ ይላል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሚስቱ እንዳይደናቀፍ ብላ የምታበራለት ይመስለው ነበር።

ተራው ደረሰ። አሮጊቷ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ፣ አውጣው።»

«ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሚስቴንም ክንዷን ሰብሬያታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። «እዚህም ተከትላችሁን መጣችሁ?» ብላ የተቀመጠችበትን ወንበር አንሥታ ትከሻው ላይ ከሰከሰችው። ደገመችው። ሦስተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘውና የመዶሻ ጡጫ ሳያዝዘው ተነሣ።

የክፍሉ ሰው በሙሉ ፊቱን በክንዱ ከለለ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችውም፣ ሽማግሌውም፣ መሐረብ የሰጡት አሮጊትም። አንድ ሰው ያሠለጠናቸው ይመስል ክንድ ከፍ፣ አንገት ዝቅ። የሚስቱ ክንድም የተሰበረው እንዲሁ ከፍ እንዳለ ነበር።

ጡጫውን ከመሰንዘር ይልቅ ማውረድ ከበደው። አወረደው።

«ውጣ» አሉ አሮጊቷ። ኮሪደሩ ድረስ ራቅ ብለው ተከተሉት። «የናንተ ክፍል ያ ነው፣ ማዶ።»

«እማማ፣ መምጣቴን ለሚስቴ ይንገሩልኝ። አለዚያ ልጄን አላያትም።»

«እነግራታለሁ። እጅህን ማንሣትህንም እነግራታለሁ።»

«አልመታሁም እኮ!»

«አልመታህም። እሱንም እነግራታለሁ። ወደ አንተ ተመለሺ ግን አልላትም። የት ነው ያለችው?»

መዶሻ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቁስሉ እንደገና ደማ። ዝም ቢል ሚስቱ መምጣቱን አታውቅም። ቢናገር ደግሞ አሮጊቷ እንዳትመለስ የሚመክሯት መሰለው። ደሙን ዋጠና የሚስቱን ወንድም ሠፈር፣ ቅያሱን፣ የበሩን ቀለም ነገራቸው።

«ዛሬውኑ እደርሳለሁ» አሉ።

«ዛሬ አይሆንም፤ መሽቷል» አለ መዶሻ። «ነገ በቀን ይሂዱ። ማታ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች።»

አሮጊቷ «ነገ በቀን» ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። እሱም ወደ ማዶው በር ተሻገረ።