ምልክቱ የቤቱ ነው

በመብራት ድርጅቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ትራንስፎርመሩ ግቢ በሚያየው ክፍል የምትሠራውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም። «ወይዘሮ ዓይነት» ነው የሚሏት። ምን ያድርጉ፣ አፏን ስትከፍት «ዓይነቱ ምንድን ነው?» ነው የምትለው። ቆጣሪ ተገዛ ሲሏት «ዓይነቱ?»፣ አዲስ ደንበኛ መጣ ሲሏት «መኖሪያ ነው፣ ዳቦ ቤት ነው፣ ክሊኒክ ነው?» አንድ ቀን ኃላፊዋ «ዛሬስ ራሴን አሞኛል» ቢላት «የምን ዓይነት ራስ ምታት?» ብላ ቢሮውን በሳቅ ገደለችው። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ሥራዋ ነዋ! ከየቤቱ ቆጣሪ ንባብ የሚሰበስበው ሶፍትዌር እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ካልነገሩት ምንም አያውቅም። ቆጣሪ ማለት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚነበብ፣ ቁጥሩ የት ሲደርስ «ኧረ ይሄ ነገር አላማረኝም» ማለት እንዳለበት አስቀድማ የምታስተምረው እሷ ናት። እሷ ከመምጣቷ በፊት አንድ ወፍጮ ቤት «መኖሪያ» ተብሎ ተመዝግቦ፣ ሲስተሙ በየወሩ «እዚህ ቤት ስርቆት አለ» እያለ ይጮህ ነበር። ምስኪኑ ባለወፍጮ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ዱቄት እንደለበሰ ሲምል ሲገዘት ኖረ። እሷ መጥታ አንዲት ቃል ቀየረች፤ ጩኸቱም ቀጥ አለ።

ቤት ስትገባ ደግሞ ታላቅ እህቷ ትጠብቃታለች። እናታቸው ከሞተች በኋላ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ናት፤ «እቴቴ» ነው የምትላት። እቴቴ ጥጥ ፋብሪካ ገብታ ብናኝ እየዋጠች አስተማረቻት፤ ያ ብናኝ ኋላ ሳንባዋን በላው። አሁን የምትተነፍሰው ከአልጋዋ አጠገብ ባለው የኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። መጠባበቂያው ሲሊንደር ሰው እስኪደርስላት ቢያቆያት ነው። ምላሷን ግን በሽታው አልደፈረውም፤ «ሳንባዬ ደከመ እንጂ አፌ ጡረታ አልወጣም» ትላለች።

ቀድሞ ኃይል ሲያጥር ሰፈር ሙሉ ነበር የሚጠፋው፤ የታመመ አለ የለም፣ የሚጠይቅ አልነበረም። አዲሱ አሠራር ግን ተራ የደረሰውን ቤት አንድ በአንድ ከቢሮ ሊያጠፋ ነው፤ ሕመምተኛ እንዳለባቸው ሐኪም ያረጋገጠላቸውንና «የማይጠፋ» የሚል ምልክት ያላቸውን እየዘለለ። ሰኞ ሊጀመር አርብ ሙከራ ተደረገ። መብራት በእውነት ሳይነካ፣ ሲስተሙ ኃይል ቢያጥር የትኞቹን እንደሚያጠፋ በስክሪን አሳየ።

ወይዘሮ ዓይነት የእቴቴን ቤት ፈለገች። ከሚጠፉት መሀል ቁጭ ብሏል። ክው አለች።

«ምነው እህቴ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለ ኃላፊው።

«የማይጠፋው ማን እንደሆነ ተመልከት እስቲ።»

ሰውየው መነጽሩን ገፋ አድርጎ አነበበ። «መጋዘን? የታመመ መደርደሪያ አለን እንዴ?»

ነገሩ ቶሎ ገባት። ሲስተሙ ሲተከል ምልክቱ የታሰረው ከቆጣሪው ጋር ነበር፤ ያኔ ቆጣሪ ይቀየራል ብሎ ያሰበ የለም። ሰሞኑን አሮጌዎቹ ተነቅለው አዳዲስ ሲገጠሙ፣ ምልክቱ ከአሮጌው ብረት ጋር ተጭኖ መጋዘን ገባ። በሽተኞቹ ያለ ምልክት ቀሩ፤ የተነቀለው ቆጣሪ ግን እንደ ንጉሥ ይጠበቃል። ጉድ እኮ ነው!

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የሚያጣድፉት ግን ብዙ ናቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚኝ፣ የእህትሽን አሁኑኑ በእጅሽ አስገቢ፤ ሰኞ እንጀምርና ሌላውን ቀስ ብለን እናስተካክላለን» አላት። «ከራስ በላይ ነፋስ ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም።»

እውነት ለመናገር እጇ ወደ ኪቦርዱ ሄዷል። ለእቴቴ ያልሆነ እጅ ለማን ሊሆን ነው? ግን እጇን መለሰች።

«የእቴቴን ለብቻ ካስገባሁ ልቤ ያርፋል» አለችው። «ልቤ ካረፈ ደግሞ የሌላውን በወጉ አላየውም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እሷም ከሁሉም ጋር በአንድ በር ትግባ። አንተ ስልክህን አንሣና ሰኞ አይጀመርም በል።»

«እኔን ጅብ ሊያስበላኝ ነው እኮ ይሄ!»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? የፈሰሰ ትንፋሽ ደግሞ አይለቀምም።»

ኃላፊው ተነፈሰና ስልኩን አነሣ፤ የስድብ ናዳውንም ቆሞ ተቀበለ። ይሄን እንኳ ልንክደው አይገባም። እሷ ደግሞ «የማይጠፋ» የሚለውን ምልክት ከቆጣሪው ነቅላ ከቤቱ ጋር አሰረችው፤ ቆጣሪ ቢመጣ ቢሄድ ቤቱ እዚያው ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ቆጣሪ ከየት ቤት እንደተነቀለ ሲስተሙ ያስታውሳልና፣ በዚያው ዱካ ምልክቱን ሁሉ ወደየባለቤቱ መለሰች። ሙከራው ሲደገም መጋዘኑ ከሚጠፉት ተራ ገባ፣ የእቴቴ ቤትም ከሚዘለሉት። ወይ ፍንክች ብላ የያዘችው ነገር ሠራ።

ሰነባብቶ፣ አንድ ቀን መሸት ሲል፣ ኃይሉ እውነትም አጠረ። ማጥፊያው ሥራ ጀመረ። ወይዘሮ ዓይነት በሥራዋ ትተማመናለች፤ ከቢሮዋ ስክሪን ፊት ግን አልተነሣችም። ስልኳ ጮኸ፤ እቴቴ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ መንገዱ ሁሉ ጨለመ እኮ።»

«የኛስ?»

«የኛማ አለ። ማሽኑም እያጉረመረመ ነው።»

«ተመስገን!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ለእህቷ አደላች ተብሎ ሰፈሩ ሊያማን ነው ብዬ በመጋረጃው ጠርዝ ባጮልቅ፣ ከማዶ የልብስ ሰፊዋም ቤት በርቷል። ምን ሆና ነው?»

ወይዘሮ ዓይነት ታውቃለች። ያን ቤትም በሙከራው አርብ ከሚጠፉት መሀል አይታዋለች። የእቴቴን ብቻ በእጇ አስገብታ ቢሆን ኖሮ ያ መስኮት አሁን ጨለማ ነበር።

«እሱን መናገር አልችልም፣ እቴቴ። ሕጉ አይፈቅድም።»

እቴቴ ወዲያው ነገሩ ገባት።

«በስመአብ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊት ተቀምጠን! እኔ እኮ በዚህ መንገድ እንዲህ ታምሜ የምኖር እኔ ብቻ መስሎኝ፣ መጋረጃ ዘግቼ…»

«እቴቴ፣ አታልቅሺ፤ ያደክምሻል።»

«ማን አለቀሰ? በይ ስልኩን ዝጊ። መጋረጃውን ልክፈተው፤ እሷም ትየኝ።»